ሰው አለው

ጎንደር መናኸሪያ በማለዳ ወርዳችሁ የደባርቅ አውቶብስ ተሳፍራችሁ የምታውቁ ሰዎች የዛሬው ነገሬ ቶሎ ይገባችኋል። በሩ ሳይከፈት ተጋፍታችሁ ትገባላችሁ። መሐል ላይ፣ ከመስኮቱ ጥግ፣ ደህና ወንበር ታያላችሁ። እፎይ ብላችሁ ልትቀመጡ ጎንበስ ስትሉ ከኋላ ድምፅ ይመጣል።

«ሰው አለው!»

ወንበሩ ላይ ሰው የለም። ያለው አንድ ያረጀ ጃኬት ነው። ቀጥሎ ያለውን ስታዩ ደግሞ የታጠፈ ጋቢ ተቀምጦበታል። እሱም ሰው አለው። «ማነው ሰውየው?» ብላችሁ የጠየቃችሁ እንደሆነ መልሱ ያው ነው፤ «ሰው ነዋ!»

አንድ ቀን አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት በዚሁ «ሰው አለው» የተነሣ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ቆማ ስትሄድ አይቻለሁ። የጃኬቱ ባለቤት ይመጣል ሲባል አልመጣም። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ጃኬቱን አነሣና ለበሰው። ቀጥሎ እግሩ ሥር የነበረውን ጆንያ ጌሾ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ እግሩን ዘረጋ። ለካ «ሰው» ሲባል የኖረው ጌሾ ኖሯል!

ሴትዮዋ ምንም አልተናገረችም። እኛም አልተናገርንም። «ሰው አለው» ከተባለ በኋላ መጠየቅ ነውር ይመስለናል።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ አውቶብስ አይደለም። ስለ ኮምፒዩተር ሜሞሪ ነው። ቆይ፣ ገጹን አትግለጡብኝ! እኔም ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ልጅ ካጣሁበት በኋላ ነው የሁላችንም መሆኑ የገባኝ።

በ2003 ዓ.ም. አራዳ ውስጥ አንዲት ጠባብ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ነበረችኝ። አራዳ ስል የአዲስ አበባውን ያሰባችሁ ተመለሱ፤ የጎንደሩን ነው የምላችሁ። በግራዬ ልብስ ሰፊ፣ በቀኜ ሸማ ሻጭ፣ ፊት ለፊቴ ጀበና ጥዳ የምትውል ሴት። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ረዳት ነበረኝ። ቀን ከእኔ ጋር ይሠራል፣ ማታ ይማራል። እጁ ፈጣን፣ አፉ ቁጥብ የሆነ ልጅ ነው። ኮምፒዩተር ፈትቶ ሲገጥም አንዲት ብሎን አትተርፈውም። እኔ ስገጥም ሁልጊዜ ሁለት ብሎን ይተርፈኛል፤ ደንበኛ እንዳያይብኝ ኪሴ እከታቸዋለሁ።

አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሊከፍቱ አስበው ኮምፒዩተር እንድገዛላቸው አዘዙኝ። ገዛሁ። ሜሞሪው 4 ጊጋ እንዲሆንላቸው ባለ ሁለት ሁለት ጊጋ ሁለት ፍሬ ጨመርንበት። ክዳኑን የከፈተው፣ ሜሞሪውን የሰካው፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የጫነበት ልጁ ነው። መምህሩ ከፍለው ወሰዱ። በሦስተኛው ቀን ኮምፒዩተሩን በጋሪ አስጭነው መለሱት።

«ስንት ጊጋ ነው ያላችሁኝ?»

«አራት፣ መምህር። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ይኸን አንብብልኝ።»

አበራነው። ሲስተሙን የሚገልጸው ቦታ ላይ 3.25 ጊጋባይት ይላል። መምህሩ ሒሳቡን ቤታቸው ሠርተው ነው የመጡት። 4 ጊጋ ማለት 4,096 ሜጋባይት፣ 3.25 ማለት 3,328፣ ልዩነቱ 768 ሜጋባይት።

«768ቱ የት ደረሰ?»

«እንዲሁ ነው የሚያሳየው፣ መምህር። ሲስተሙ ይይዘዋል።»

«ለምን ይይዘዋል?»

«ሪዘርቭድ ነው።»

«ለማን?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። አላውቅማ! ሙያዬ ነው ብዬ የምበላበትን ነገር አላውቀውም። ከሰው ሰምቼ የያዝኩት አንድ ቃል ነበር፤ «ሪዘርቭድ»። ያንኑ ቃል እንደ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ጣል አድርጌ ሰውየው እንዲሄድልኝ ፈለግሁ። ሰው ነዋ!

መምህሩ አልሄዱም። ዓይናቸውን ከእኔ አንሥተው ልጁ ላይ ተከሉት። «ክዳኑን የከፈተው ይኸ ልጅ አይደል?» አሉ። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ። ባለ ቡናዋ ማራገቢያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። አራዳ ጆሮው ብዙ ነው። መምህሩ «የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ» ብለው ወጡ። ኮምፒዩተሩን ጥለውት ነው የሄዱት።

ልጁ «ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት።

አላውቅም ነበር። እዚህ ላይ ነው የዛሬው ጽሑፌ የሚከብደኝ። ልጁ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ከጠረጴዛው ሥር ቦርሳውን አውጥቼ ከፈትኩት። በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ፣ አንድ ደብተርና የማታ ትምህርት መታወቂያ። ሌላ ነገር የለም።

ልብ አድርጉ፤ ሜሞሪ እንደ ስኳር በማንኪያ የሚቆነጠር ነገር አይደለም። ልጁ አንዱን ፍሬ በ1 ጊጋ ለውጦት ቢሆን ኖሮ ኮምፒዩተሩ ከ3 ጊጋ በላይ ሊያሳይ አይችልም ነበር። 1.25 ጊጋ የሚባል ፍሬ ደግሞ ገበያ ላይ የለም። ይህን ለማሰብ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። እኔ ግማሽ ደቂቃዋን ቦርሳ ለመክፈት አዋልኳት።

ሰኞ ልጁ ሥራ አልገባም። ማክሰኞም። የወሩን ደሞዝ ወንድሙ መጥቶ ወሰደለት።

ከዚያ በኋላ ያቺ 768 እንቅልፍ ነሣችኝ። በዚያን ዘመን ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ በነፃ በሲዲ በፖስታ ይላክ ነበር፤ አገልግሎቱ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ ቆይቷል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰጥቶኝ መሳቢያ ውስጥ የጣልኩት ሲዲ ነበረኝ። አንድ ማታ ሱቁን ዘግቼ የመምህሩን ኮምፒዩተር በእሱ አስነሣሁት።

ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በትክክል ሊኑክስ የሚባለው ከርነሉ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ነው። ከርነል የቤቱ እማወራ በሉት። መጀመሪያ የሚነሣው እሱ፣ መጨረሻ የሚተኛው እሱ፣ ለማን ምን ያህል ሜሞሪ ይድረስ ብሎ የሚያድለውም እሱ ነው። ከሌሎቹ የወደድኩለት ደግሞ ሲነሣ ያየውንና ያደረገውን ሁሉ መስመር በመስመር መጻፉ ነው።

ያን ጽሑፍ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ የኮምፒዩተሩ ባዮስ ያስረከበው የሜሞሪ ካርታ አለ። ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር «ለሥራ የሚውል»፤ ከዚህ እስከዚህ «የተያዘ»፤ እንደገና «የተያዘ»። ወረድ ብሎ ከርነሉ ራሱ ሜሞሪውን ቆጥሮ ያጠቃለለባት መስመር አለች። ይህን ያህል አለ፣ ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ ነፃ ነው ይልና በቅንፍ ቀሪውን ይዘረዝራል፤ ለከርነሉ ኮድ ይህን ያህል፣ ለዳታው ይህን ያህል፣ «የተያዘ» ይህን ያህል።

ደስ ብሎኝ ብድግ ካልኩ በኋላ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከቅንፉ ውስጥ ትልቋ ቁጥር «የተያዘ» የምትለዋ ናት። በማን? አትናገርም። የዓለምን ሰርቨሮች ተሸክሞ የሚያድረው ከርነልም ለካ እንደ ደባርቅ አውቶብስ «ሰው አለው» ይላል!

ቢሆንም የመምህሩን ጥያቄ የሚመልስ ጭራ አገኘሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ 32 ቢቱ ኤክስፒ ለሜሞሪ የሚሰጠው የአድራሻ ቁጥር ልክ አለው። ሁለትን 32 ጊዜ በራሱ ብታባዙት 4,294,967,296 ይመጣል፤ ያ 4 ጊጋባይት ነው። ከዚያ በላይ ቁጥር የለውም። ታዲያ ቁጥር የሚፈልገው ሜሞሪው ብቻ አይደለም። የስክሪን ካርዱ፣ የኔትዎርክ ካርዱ፣ ሌላውም ዕቃ ከዚያው ቁጥር ድርሻ ይሻል፤ የላይኛው ጫፍም ለእነሱ ይያዛል። አንድ ቀበሌ ሺህ የቤት ቁጥር ብቻ ቢኖረውና ሁለት መቶውን ለመሥሪያ ቤቶች ቢሰጥ ሁለት መቶ ቤት ያለ ቁጥር ይቀራል። ቤቱ ቆሟል፣ ጣሪያው አልተነቀለም፤ ግን ቁጥር የለውምና ደብዳቤ አይደርሰውም። የመምህሩ 768 ሜጋባይት እዚያው ቦርዱ ላይ ተሰክቶ ነበር። ቁጥር አጥቶ ነው።

ከዚህ ሌላ ስክሪኑን የሚነዳው ቺፕ ከቦርዱ ጋር የተሠራ ከሆነ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከጋራው ይቆርሳል። ከርነሉም ራሱ ቦታ ይፈልጋል። ደግሞ መዝገብ አለ። ሊኑክስ ሜሞሪውን በ4,096 ባይት ገጽ በገጽ ከፍሎ ነው የሚያስተዳድረው። ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ ለያንዳንዱ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ 64 ባይት የምትሆን የመዝገብ ካርድ ይይዛል፤ ማን ወሰደው፣ ስንት ሰው ይጠቀምበታል የሚለው እዚያ ላይ ይጻፋል። ከ64 አንድ እጅ መሆኑ ነው። 4 ጊጋ ያለው ማሽን 64 ሜጋባይቱ በመዝገቡ ብቻ ይሄዳል። ሒሳብ የሚይዘው ሰውም ወንበር ይፈልጋል ማለት ነው።

በማግስቱ መምህሩ ቤት ሄድኩ። ወረቀት አወጡና ሁለትን በሁለት እያባዙ ወረዱ። 32ኛው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ።

«ታዲያ ይኸን መጀመሪያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አላውቅም ነበር፣ መምህር።»

«አላውቅም ብትለኝም ይበቃኝ ነበር፣ ልጄ። ተይዟል አልክ። የተያዘ ነገር ያዥ አለው። ያዡን ስታጣብኝ እኔ በእጄ ያገኘሁትን ያዝኩ።» ትንሽ ቆይተው «ልጁስ?» አሉኝ።

ልጁ ከጎንደር ወጥቶ ነበር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኔ ሳልናገር የቀረው የሰው ስም ነው።

እንግዲህ አንባቢዬ «መያዝ የሚባል ነገር ለምን አይቀርም?» እንዳትሉ። መያዝ ክፉ አይደለም። እናቴ የዳባት ገበሬ ነበረች። ቤታችን ውስጥ አራት ጎታ ተደርድሮ ቆሞ ነበር። ነሐሴ ሲገባ፣ አዲሱ ገብስ ሳይደርስ አሮጌው ሲያልቅ፣ እኛ ልጆች በቀን አንዴ እየበላን ጎታዎቹን እናያለን። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ ሁለቱ ግን እህል አለባቸው። እናቴ በእጇ መታ መታ እያደረገች ትነግረን ነበር። «ይኸ የዘር ነው፤ ከተበላ ለከርሞ የለንም። ይኸኛው ግማሹ የሚካኤል ማኅበር ነው፣ ግማሹ የእንግዳ። እንግዳ እስከ መስከረም ካልመጣ እናንተ ትበሉታላችሁ።» ርቦናል፤ ግን እናታችንን ተጠራጥረን አናውቅም። አንዳችን ሌላችንን «እህሉን በላህ» ብለን ተካሰን አናውቅም። የተያዘው ስም ነበረው። መጠን ነበረው። የሚለቀቅበት ቀንም ነበረው።

ከርነሉም የያዘውን የሚይዘው በምክንያት ነው። አንዱ ምክንያት በጣም ይገርመኛል። የአገራችን አሮጊቶች መግነዛቸውን ገዝተው ሣጥን ውስጥ አያስቀምጡም? ሊኑክስም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲያ ማድረግ ይችላል። ማሽኑ ሲነሣ ከሜሞሪው ቆርሶ ያስቀምጥና እዚያ ውስጥ ሁለተኛ ትንሽ ከርነል ያስተኛል። ማሽኑ በደህና ሲሠራ ያ ቦታ ዓመት ሙሉ ቢሆን ጦሙን ያድራል፤ ማንም አይነካውም። ዋናው ከርነል ድንገት የሞተ ዕለት ግን ትንሹ ይነቃና የሟቹን ሜሞሪ አንብቦ የሞቱን ምክንያት መዝግቦ ያስቀምጣል። ይህን የማያውቅ የሰርቨር ባለቤት «ሜሞሪዬ ጎደለ» ብሎ ይጮሃል። የሚያውቀው ግን ሞቱን አስቦ ያስቀመጠው መሆኑን ያውቃል። ልዩነቱ አንዲት መስመር ጽሑፍ ናት።

ስለዚህ ባለፉት ዓመታት ከርነሉን የሚሠሩት ሰዎች ያችን መስመር ሲጽፉ ኖረዋል። ሥራው አዝጋሚ ነው። ዜና አይሆንም፤ ማንም አያጨበጭብለትም። ዊንዶውስ በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው በሰባተኛው ላይ «ለሃርድዌር የተያዘ» የሚል ቁጥር ለብቻው ማሳየት ጀመረ። ያ ቁጥር በእኔዋ ኤክስፒ ላይ ቢኖር ኖሮ መምህሩ ጋሪ ባልከፈሉ! ሊኑክስ ደግሞ በ2014 «ሊሰጥ የሚችል» የሚል አዲስ ቁጥር ጨመረ። ከዚያ በፊት ሰው የሚያየው «ነፃ» የሚለውን ነበር። ከርነሉ ሥራ የፈታን ሜሞሪ ፋይል ማቆያ ስለሚያደርገው «ነፃ» የሚለው ሁልጊዜ ትንሽ ነው፤ ሰዉም «ማሽኔ አለቀ» ብሎ ይደነግጣል። አዲሱ ቁጥር «አትደንግጥ፣ ብትጠይቀኝ ይህን ያህል ልሰጥህ እችላለሁ» የሚል ነው።

በ2023 ደግሞ ስልክን በመሳሰሉ መሣሪያዎች ላይ ለካሜራው፣ ለሞደሙ፣ ለስክሪኑ እየተባለ በመሣሪያው መግለጫ የሚያዘው ሜሞሪ እየበዛ መምጣቱን ያዩ ባለሙያዎች ከርነሉ ሲነሣ እያንዳንዱን የተያዘ ቦታ በየስሙ እንዲጽፍ አደረጉ። ጽሑፉ አንዲት መስመር ናት፤ ከየት እስከ የት፣ ስንት ኪሎባይት፣ እስኪፈለግ ድረስ ለሌላ የሚውል ነው ወይስ አይደለም፣ የማን ነው። በተለይ እነዚህ አራት ነገሮች። በ2024 ደግሞ ያ ከ64 አንድ እጅ የሚወስደው መዝገብ ስንት ገጽ እንደበላ የሚናገር ቁጥር ተጨመረ። ትንሽ ነገር ይመስላል? 512 ጊጋ ያለው አንድ ሰርቨር በዚህ ሒሳብ 8 ጊጋው በመዝገብ ይሄዳል። ሺህ ሰርቨር ያለው ድርጅት 8 ሺህ ጊጋ መሆኑ ነው። ቀድሞም ይሄድ ነበር፤ ግን «የተያዘ» በሚለው ጆንያ ውስጥ ተከትቶ ነበር።

ከአራቱ ነገሮች እኔ የምወደው ሦስተኛውን ነው። «እስኪፈለግ ድረስ ለሌላ የሚውል ነው ወይ?» ሊኑክስ ከ2012 ጀምሮ እንዲህ ያለ አያያዝ አለው። ካሜራው ሰፊና ያልተቆራረጠ ቦታ ይፈልጋልና ይያዝለታል፤ ነገር ግን ካሜራው እስኪከፈት ድረስ ሌላው ይሠራበታል። ካሜራው የተከፈተ ዕለት የተቀመጡት ይነሡና ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ። ያቺ ልጅ ያዘለች ሴት የፈለገችው ይህን ብቻ ነበር። «ሰው አለው፤ እስኪመጣ ግን ተቀመጪ፣ እቴ።»

አሁን ዓይናችሁን ከኮምፒዩተሩ ላይ አንሡና ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ወጣቱ ማስረጃውን ኮፒ አድርጎ፣ ከገጠር ተሳፍሮ፣ ተሰልፎ ይመዘገባል። መዝገብ ያዡ ጠጋ ብሎ «አትድከም፣ ሰው አለው» ይለዋል። ከተማ መሐል ለዓመታት ታጥሮ የቆየ ቦታ አለ፤ ሣር አብቅሎ በግ ይግጥበታል። የማን ነው ብትሉ ተይዟል። የማኅበር ስብሰባ ላይ ሒሳብ ሹሙ ያነባል፤ «መጠባበቂያ፣ ይህን ያህል»። ለምን የሚጠባበቅ? እጁን የሚያወጣ የለም። እጁን ያወጣ ሰው «ተጠራጠርከን?» ይባላል።

ይህ ነው የሚገርመው። ያዡን መጠየቅ መጠርጠር ሆኖ ተቆጥሯል። እኔ ግን በአራዳዋ ሱቄ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ጥያቄው መልስ ሲያጣ ነው ጥርጣሬ የሚወለደው። የተወለደው ጥርጣሬ ደግሞ ያዡን አያገኘውም፤ ያዡ ሩቅ ነው፣ አይታይም። ቅርብ ያለውን፣ ክዳኑን የከፈተውን፣ አቅም የሌለውን ልጅ ነው የሚይዘው።

«ሁሉም ነገር አደባባይ ይሰጣ ነው የምትለው?» የሚለኝ አንባቢ አለ። አይደለም። ከርነሉም ሁሉን ለሁሉ አያሳይም። የሜሞሪው ካርታ የተጻፈበትን ፋይል ተራ ተጠቃሚ ሲከፍተው ስሞቹን ያያል፤ አድራሻዎቹ ላይ ግን ዜሮ ተደርድሮ ነው የሚያገኘው። ትክክለኛውን ቁጥር የሚያየው የማሽኑ አስተዳዳሪ ብቻ ነው። አድራሻውን የያዘ ክፉ ሰው መግቢያ ቀዳዳ ያገኛልና! እናቴም እህሉ የምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ ለሁላችንም ትናገር ነበር፤ የጓዳውን ቁልፍ የት እንደምታስቀምጥ ግን እስክትሞት አልነገረችንም። ምስጢር ቦታውን ያውቅ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ለጥምቀት ጃንሜዳ ሳይሆን እዚሁ የፋሲል መዋኛ ወርጄ ሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። ጎልማሳ ነው፤ አላወቅሁትም። ሲስቅ አወቅሁት። አሁን ሌላ ከተማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሮች ኃላፊ ነው። ከሕዝቡ ወጣ ብለን ቡና ጠጣን። ስለ 768ቷ ነገርኩት፤ ስለ መምህሩ ወረቀትም፤ መምህሩ እስኪያርፉ ድረስ ሲያገኙኝ ሁሉ ስለ እሱ ይጠይቁኝ እንደነበርም ነገርኩት። ሳቀ። «እሱንማ በዓመቱ ኮሌጅ ገብቼ ተማርኩት» አለኝ።

የቀረችውን አንዲት ነገር ለመናገር ሁለተኛ ሲኒ ፈጀሁ። በመጨረሻ «ቦርሳህን ከፍቼው ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ዚፑን አልዘጋኸውም ነበር።»

ሌላ ምንም አላለም። ለካ የሄደው መምህሩ ሌባ ስላሉት አልነበረም። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ምክንያቱን እሳቸው ላይ አድርጌ ስኖር እውነተኛው ምክንያት የእኔ እጅ ኖሯል። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ይሁን» አለኝ። ይቅር ማለቱ ይሁን ወይስ ነገሩ ይለፍ ማለቱ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ደግሜ ለመጠየቅም አልደፈርኩም።

ስንለያይ ግን አንድ ነገር ነገረኝ። በሚሠራበት ቤት ሠራተኞች «ሜሞሪው የት ሄደ? ዲስኩ ለምን ጎደለ?» እያሉ ይመጡበታል አሉ። በየሰርቨሩ ላይ ምን ያህል ለምን እንደተያዘ በአማርኛ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። «ያነቡታል?» አልኩት።

«አብዛኛው አያነበውም» አለኝ። «ግን ከለጠፍኩት ወዲህ ልጆቹን የሚጠረጥር ሰው አልመጣም።»

ልጆቹ የሚላቸው ረዳቶቹን ነው።